አባዬ ድሮ እዚህ ይቀመጥ ነበር



በሕይወቴ ከ«አሜን» ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የተናገርኩት ነገር «እባክዎ አይንኩ» የሚለው ሳይሆን አይቀርም። አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት ተጂ ውስጥ ያለች የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ደግሞ አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም እሠራለሁ። የነገረ መለኮት ኮሌጅ በማታው ክፍለ ጊዜ ስማር በጥበቃነት ነበር የተቀጠርኩት፤ በር ላይ አንዲት ወንበር ነበረችኝ። ከተመረቅሁ በኋላ ወደ ማስጎብኘቱ ተዛወርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ለመጋቢ ሙሉ ደመወዝ የምትከፍልበት አቅም የላትም። ገበሬው ወንድማችን ጤፉንና ሽምብራውን ሸጦ የሚያመጣውን አሥራት ስለማውቅ ጨምሩልኝ ብዬም አላውቅም። ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ በዚህ አላፍርም።

ከተጂ ተነሥቶ በሥራ ሰዓት አምስት ኪሎ ለመድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መውጣት ያስፈልጋል። ተፍኪን፣ ሰበታን፣ ዓለም ገናን አልፎ አየር ጤና፤ ከዚያ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ የታክሲ ሰልፍ። ክረምት ላይ የበቾ ሜዳ ውኃ ሲተኛበትና ዋልካው ጫማ ሲነጥቅ የባሰ ነው። ስመለስ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ አንዳንዴም 3 ሰዓት ይሆናል። ረቡዕ የጸሎት፣ ዓርብ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አለና በእነዚያ ቀናት ከታክሲ ወርጄ በቀጥታ ወደ ጸሎት ቤት ነው። ቅዳሜ የመዘምራን፣ የሽማግሎች ስብሰባ፣ የታመመ ጥየቃ፣ የተጣላ ማስታረቅ። እሑድን አልነግራችሁም።

እኔና ባለቤቴ ልጅ ያገኘነው በተጋባን በ11ኛው ዓመት ነው። እነዚያን ዓመታት የሚያውቅ ያውቃቸዋል። ለሰው ልጅ ስም አውጥቼ፣ ለሰው ልጅ ጸልዬ፣ በሰው ልጅ ምርቃት ላይ ቆሜ ባርኬ ወደ ጸጥተኛ ቤታችን ስንመለስ ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ አትናገርም ነበር። ጉባኤው ስለ እኛ ጾመ፣ ጸለየ። ትልቋ ስትወለድ 46 ዓመቴ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ማሙሽ መጣ። ምስክርነት ስሰጥ እናቶች እልል ያሉት እልልታ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ።

አሁን የምነግራችሁ ከሁለት ዓመት በፊት የሆነውን ነው። ያኔ ትልቋ 6፣ ማሙሽ 3 ዓመታቸው ነበር።

አንድ ሐሙስ ባለቤቴ አዲስ አበባ የሕክምና ቀጠሮ ነበራትና ልጆቹ ከእኔ ጋር ሙዚየም ዋሉ። ለእነርሱ የመጀመሪያቸው ነበር። በመጀመሪያ የንጉሡን ዙፋን፣ ያንን ትልቅ ባለ ቅርጽ እንጨት አሳየኋቸው። «ጃንሆይ ድሮ እዚህ ላይ ይቀመጡ ነበር» አልኳቸው። ማሙሽ ለመውጣት ሞከረ፤ ያዝኩት። ቀጥሎ ወደ ሉሲ ወረድን። ሉሲ ወይም ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚባልላት ናት። ትልቋ «እውነተኛዋ ናት?» አለችኝ። ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቀው ነው። እኔም ለሁሉም የምሰጠውን መልስ ሰጠኋት፤ «ይህ ቅጂ ነው። ዋናው ሌላ ቦታ ነው ያለው።»

ከሉሲ ይልቅ እግሯን ያሰራት ግን የሰላም ነገር ነው። ሰላም በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመራው ቡድን በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ ያገኛት ሕፃን ናት። ሰዎች «የሉሲ ልጅ» ይሏታል፤ ነገር ግን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ስለሚገመትላት ከሉሲ በ100 ሺህ ዓመት ያህል ትቀድማለች። የወተት ጥርሶቿ እንዳሉ ናቸው፤ ገና ያልበቀሉት ሁለተኛ ጥርሶቿ በመንጋጋዋ ውስጥ በራጅ ታይተዋል።

«ስንት ዓመቷ ነበር?» አለችኝ።

«ስትሞት 3 ዓመት ገደማ።»

«እንደ ማሙሽ?»

«አዎ፣ እንደ ማሙሽ።»

«እናቷስ?»

«በጎርፍ ተወስዳ አሸዋ ውስጥ ሳትቀበር አልቀረችም ይላሉ ሊቃውንቱ። እናቷ የት እንደነበረች አይታወቅም።»

«አባቷስ? ሥራ ሄዶ ነበር?»

ሳቅኩ። በምሳ ሰዓት ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው፤ እነርሱም ሳቁ። በሚቀጥለው ረቡዕ ለጸሎት መክፈቻ ነገርኩት፤ ጉባኤውም ሳቀ። ጥያቄው ለእኔ እንደነበር ያልገባኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እኔ ከትልቋ ጋር ስነጋገር ማሙሽ ሁለት መዳፉንና ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ያያል። «አትንካ!» አልኩት። በአባት ድምፅ አልነበረም፤ ያ በበር ላይ ወንበር ዓመታት ያሠለጠንኩት ድምፅ ነው። ልጁ እጆቹን ስቦ ወደ ኋላው ደበቃቸው። እኔም ጨርቅ አውጥቼ መስታወቱ ላይ የቀረውን የእጁን አሻራ ጠረግሁት። ሌላ ጎብኚ እየመጣ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ ካላስገባሁ የሚጽፍልኝ ስለማይጠፋ። «መጋቢ፣ በሳምንቱ ሉሲን እያሳየህ በእሑዱ አዳምን እንዴት ትሰብካለህ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ደግሞ በተቃራኒው «አንተ ሰባኪ ሆነህ እዚህ ምን ትሠራለህ?» የሚሉኝ ጎብኚዎች ገጥመውኛል። ለሁለቱም ቁጭ ብዬ የማወራበት ሌላ ቀን ይኖረናል። ለዛሬው እግዚአብሔር ፈጣሪ መሆኑን ከዚያ መስታወት አጠገብ ቆሜ ተጠራጥሬ እንደማላውቅ ብቻ ልንገራችሁና ወደ ነገሬ ልመለስ።

ስለ ሰላም ለጎብኚ ስናገር ሁልጊዜ የማልዘለው አንድ ነገር አለ። አጥንቷ ሲገኝ እንደ ሲሚንቶ በጠነከረ የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ነበር። ዶክተር ዘረሰናይ የጥርስ ሐኪም የሚጠቀምበትን ዓይነት መሣሪያ ይዞ፣ የአሸዋዋን ቅንጣት አንድ በአንድ እያነሣ፣ ዓመታት ፈጀባት። የጥናቱ ውጤት ለዓለም ይፋ የሆነው በ1999 ዓ.ም. መስከረም ነው። አንዲት የጎድን አጥንት እንዳትሰበር ሰው ትንፋሹን ይዞ ወራት ይሠራል ማለት ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ራሱ ይለወጣል፤ አንዳንድ እናቶች ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አይቻለሁ። አንድን ሕፃን ይህን ያህል በትዕግሥት ማየት!

ከዚያ ሐሙስ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ቢሆን ነው። ታክሲው ቀንቶኝ ከወትሮው በጊዜ ተጂ ደረስኩ። መብራት አልነበረም፤ ግቢ ስገባ ሻማ ይታየኛል፣ የትልቋ ድምፅ ይሰማኛል። የጎረቤቶቻችንን ሁለት ልጆች «ኮቱ፣ ኮቱ» እያለች ትጠራለች። እኛ ቤት በአማርኛና በኦሮምኛ ነው የሚጫወቱት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ቆም አልኩ።

ቤቱን ሙዚየም አድርጋዋለች። በርጩማዎቹ ላይ ዕቃ ተደርድሯል፤ አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ አንድ እግር ጫማዬ፣ መስታወቱ የወለቀ የድሮ መነጽሬ፣ ባትሪው ያለቀ ራዲዮ። ጎብኚዎቹ የባሕር ዛፍ ቅጠል ትኬት ይዘው ተሰልፈዋል፤ ማሙሽ ከፊት ነው፣ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ። እርሷ የወጥ ማማሰያ ይዛ ታሳያለች። «እባክዎ አይንኩ» ትላለች በእኔ ድምፅ፣ በእኔው አነጋገር። ከዚያ ማማሰያውን ወደ ጥጉ፣ ወደ እኔ ወንበር ዘረጋች።

«ይህ ደግሞ የአባዬ ወንበር ነው። አባዬ ድሮ እዚህ ይቀመጥ ነበር።»

ከጎረቤት ልጆች አንዱ «አሁንስ የት ነው?» አለ።

«ዋናው ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው። እሑድ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ።»

ወገኖቼ፣ ብዙ ተግሣጽ ሰምቻለሁ። ከመምህራን፣ ከሽማግሎች፣ ከራሴም ስብከት። እንዲህ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። ደግሞ በምሬት አይደለም የተናገረችው፤ የሆነውን ነገር ነው ያስጎበኘችው። ሲያዩኝ ጨዋታው ቆመ። ትልቋ ጫማዬን ቶሎ ብላ ወደ ቦታው መለሰች። የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ አባት ሲገባ የልጆች ጨዋታ ቆመ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። አልደነገጠችም። «ስለ አንተ ሲያወሩ እኮ እንደዚያው ነው» አለችኝ። ቀጥላም «ለፋሲካ ያመጣህለት ጫማ በሁለት ቁጥር እንደሚጠበው ነግሬህ አላውቅም፤ እንዳታዝን ብዬ ለጎረቤት ሰጥቼው ነበር» አለች። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ደግሞ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። «እባክህ፣ ይህን ደግሞ የእሑድ ስብከት እንዳታደርገው።»

እሺ አልኳት፤ አላደረግሁትም። ይህን ጽሑፍ የምታነብቡት እርሷ አንብባ ሁለት ቦታ ካስወጣችና ከፈቀደች በኋላ ነው።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የመመረቂያ ጽሑፌ በ1ኛ ሳሙኤል ላይ ነበር፤ ስለ ዔሊ ቤት ውድቀት ከ60 ገጽ በላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ሻማ ለኩሼ ያንኑ ክፍል እንደገና ማንበብ ጀመርኩ። ዔሊ መጀመሪያ ሲታይ የት ነው ያለው? በ1፥9 ላይ በመቅደሱ መቃን አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። በር ላይ ወንበር ያለው ሰው! ስንት ጊዜ ያነበብኩትን ቃል ያን ሌሊት ገና እንዳየሁት ነው። ወደ በሩ የመጣችውን ሐናንም ሰካራም መስላው ገሠጻት። የሰው ልጅ አሳድጎ ነቢይ አድርጎ ያስረከበ ሰው ነው፤ የራሱን ልጆች ግን አላወቃቸውም። በመጨረሻም የሞተው ከዚያው ከወንበሩ ወደ ኋላው ወድቆ ነው። 60 ገጽ ስጽፍ ይህንን ወንበር እንዴት አላየሁትም?

ሐና ደግሞ በየዓመቱ ለሳሙኤል ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር፤ 2፥19 ነው። በዓመት አንዴ የምታየውን ልጅ ልክ ታውቃለች። እኔ በየሌሊቱ አብሬው የማድረው ልጅ የእግሩን ቁጥር አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት እንደ ሐና አልቅሼ ለምኜ፣ የለመንኩትን ሲሰጠኝ እንደ ዔሊ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ወር ከሽማግሎች ጋር ተነጋገርኩ። ረቡዕንና ቅዳሜን እንዲቀንሱልኝ ጠየቅሁ። አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ሽማግሌ «መጋቢ፣ ጠላት ከአገልግሎት ሊያቀዘቅዝህ ያመጣው ሐሳብ እንዳይሆን መርምረው» አሉኝ። አልከፋኝም። ሌላ ወጣት አገልጋይ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ቢመጣብኝ እኔም ያንኑ እለው ነበር፤ ለአንዳንዶችም ብያለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ብዙ ከተወያየን በኋላ ረቡዕን ወጣቶቹ ያዙት። መጀመሪያ ሰዉ ቀነሰ፤ ቆይቶ የተመለሰ አለ፣ ያልተመለሰም አለ። አልጋ ላይ የዋሉ አንዲት እናታችን «መጋቢ ረሱኝ» ብለው ማልቀሳቸውን ሰማሁ። ያ ከባድ ነበር። ለልጆቼ የሰጠሁት ቅዳሜ ከእርሳቸው የተወሰደ ቅዳሜ ነው። ይህን የሚሸፋፍን ምክር የለኝም።

መንገድ ያሳየኝ ከሙዚየሙ ሥራ የመጣ ነገር ነው። በቡታጅራ መንገድ የሚገኘውን መልካ ቁንጡሬን ታውቁት ይሆናል፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ነው። በእኛው በበቾ ሜዳ የሚያልፈው አዋሽ ወርዶ እዚያ ይደርሳል፤ ሉሲም ሰላምም የተገኙት ወደ ታች በዚሁ ወንዝ ሸለቆ ነው። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት እንደሚለው እዚያ በ700 ሺህ ዓመት የሚገመት የእግር ዱካ ተገኝቷል። በውኃ ዳር ጭቃ ላይ የአዋቂዎች ዱካ አለ፤ ከእነርሱ መካከል ደግሞ ገና አንድ ሁለት ዓመት የሆናቸው የሚመስሉ ሕፃናት ዱካ። በዚያው ስፍራ የድንጋይ መሣሪያና ሥጋው የተበለተ የጉማሬ አጥንት ነበር። አዋቂዎቹ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ልጆቹም እዚያው እግራቸው ሥር ነበሩ ማለት ነው።

ይህን አንብቤ ስጨርስ እነዚያን አልጋ ላይ ያሉ እናት አሰብኩ። በቅዳሜው ትልቋን ይዣት ሄድኩ። ያኔ ማንበብ እየለመደች ነበርና መዝሙር 23ን እየተንተባተበች አነበበችላቸው። እርሳቸው ስለ እኔ መጥፋት ምንም አላነሡም፤ የልጅቷን ፀጉር እየዳበሱ ቆሎ ሰጧት። አሁን ጥየቃ ስሄድ ከሁለቱ አንዱን ይዤ ነው። ማሙሽ ጸሎት ላይ ዓይኑን ስለማይጨፍን ማን ማን እንዳንቀላፋ ይነግረኛል።

መልካ ቁንጡሬንም በአንድ የጥር ቅዳሜ አሳየኋቸው። ስለ ዱካው በጉጉት ነገርኳቸው። ከሁሉ የወደዱት ግን ዓለም ገና ላይ ታክሲ ስንጠብቅ የበሉትን እሸት ሽምብራና አንድ ፍየል ነው።

ሁሉ ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁንም ከሌሊቱ 11 ሰዓት እወጣለሁ። መጫወት አላውቅበትም፤ መሬት ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ይጮኻል፣ ጨዋታውን ቶሎ ወደ ትምህርት እለውጠዋለሁ፣ ትልቋም «አባዬ፣ አሁን አትስበክ» ትለኛለች። ከሁሉ የቆየው የማሙሽ ነገር ነበር። ከዚያ ሐሙስ በኋላ የእኔን ዕቃ ሲያይ እጁን ወደ ኋላ የማድረግ ልማድ ያዘ። መጽሐፍ ቅዱሴን፣ ስልኬን፣ ኮቴን «ልንካ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርብም። እንግዶች «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ!» ይሉታል። እኔ ግን ጨዋነቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

ማርቆስ 10፥13 ላይ ሰዎች ሕፃናትን ወደ ጌታ ያመጡት ምን እንዲያደርግላቸው ነው? እንዲያስተምራቸው አይልም፤ እንዲዳስሳቸው ነው የሚለው። ደቀ መዛሙርቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በር ላይ የቆሙ ጥበቃዎች ነበሩ፣ የከበረውን የሚጠብቁ። ጌታ የተቆጣው በእነርሱ ላይ ነው፤ ልጆቹን ግን አቀፋቸው፣ እጁንም ጫነባቸው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ ይዞን ቤት ዋልን። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ማሙሽ ሽሮ እየበላ መጣና ፊቴ ቆመ። አምስት ዓመት ሞልቶታል። ጢሜን ትኩር ብሎ ያያል፤ እጆቹ ወደ ኋላ ናቸው።

«ልንካ?» አለኝ።

«ንካ።»

በሽሮው እጅ ያዘው፣ ጎተተው፣ ለምን እንደነጣ ጠየቀኝ። ስላረጀሁ ነው አልኩት። አላመነኝም፤ ዱቄት ነው ብሎ በሌላኛው እጁ ያራግፈው ጀመር።